የዘር ጥላቻ ንግግር ክልከላና ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት

የዘር ጥላቻ ንግግር የሚባለው ሰዎችን በሠሩት ሥራ ወይም በያዙት አቋም ሳይሆን በዘራቸው፣ በብሔራቸው ወይም በቆዳቸው ቀለም የሚያዋርድ፣ ከሰው ተራ የሚያወጣ፣ ሌላው እንዲጠላቸው፣ እንዲያገላቸው ወይም እጁን እንዲያነሣባቸው የሚቀሰቅስ ንግግር ነው። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ደግሞ ሰው ያመነበትን፣ ሰሚው ባይወደውም፣ ሳይፈራ የመናገርና የመጻፍ፣ የሌላውንም ሐሳብ የመስማት መብት ነው። የመጀመሪያውን የሚከለክል ሕግ ሁለተኛውን ሳይነካ ሊወጣ አይችልም። ጥላቻ መጥፎ ስለመሆኑ ብዙ ክርክር የለም። የሚያከራክረው መንግሥት የትኛውን ንግግር፣ በምን ማስረጃና በምን ቅጣት ሊከለክል ይገባዋል፣ ይህን ሥልጣን ሲይዝስ እሱን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ነው።

ያልተገታ ጥላቻም ያልተገታ ክልከላም ተከታትለው የታዩባት አገር ሩዋንዳ ናት። ሁለቱም ለፍርድ የቀረቡት በአንድ ከተማ፣ በታንዛኒያዋ አሩሻ፣ በተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ፍርድ ቤቶች ነው። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሲነገር ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» የሚል ሲጨመርበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

በ1990 መታተም የጀመረው «ካንጉራ» የተባለ ጋዜጣ በዚያው ዓመት መጨረሻ «የሁቱ አሥርቱ ትእዛዛት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ቱትሲ ያገባ ሁቱ፣ ከቱትሲ ጋር በንግድ የተሻረከ ሁቱ ከሃዲ ነው የሚል ነበር። በ1993 ሥርጭት የጀመረው አርቲኤልኤም የተባለ የራዲዮ ጣቢያ ደግሞ ዘፈንና ጨዋታ እያፈራረቀ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራቸው ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ጣቢያው የሰዎችን ስምና መደበቂያቸውን እየጠራ ገዳዮችን ይመራ ጀመር። በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ወደ 800,000 የሚገመቱ ሰዎች ተገደሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ጣቢያውን ለመግታት የሞከረ ባለሥልጣን ነበር። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ፎስታን ሩኮጎዛ በኖቬምበር 1993 እና በፌብሩዋሪ 1994 የጣቢያውን ኃላፊዎች ጠርተው አስጠንቅቀዋል። ኃላፊዎቹ ግን ከፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ካሉ ኃያላን ጋር የተሣሠሩ ስለነበሩ ማስጠንቀቂያው ከቢሮው አላለፈም። ጭፍጨፋው እንደ ጀመረ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተገደሉ። የሚከለክል ሕግ መኖርና ሕጉ በኃያል ላይ መሥራት መቻሉ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ይህ ታሪክ ያሳያል። ስለ ጥላቻ ንግግር ሕግ የሚነሣው ዋና ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል።

የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን፣ ናሂማናንና ባራያግዊዛን፣ እንዲሁም የ«ካንጉራ»ን ባለቤት ንጌዜን ጥፋተኛ አለ። በ2007 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቅጣቶቹን ሲቀንስ አንድ መለያ መስመር አሰመረ። የጥላቻ ንግግር ምንም ያህል ወራዳ ቢሆን፣ በራሱ የዘር ማጥፋት ወንጀል እንዲፈጸም በቀጥታና በአደባባይ ማነሣሣት አይደለም አለ። ከኤፕሪል 6 በፊት የተላለፉት ሥርጭቶች ከዚህ መስመር ማለፋቸው አልተረጋገጠም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን አልፈዋል። በውሳኔው ያዘኑ ወገኖች ነበሩ፤ ለዓመታት የተዘራው መርዝ ለብቻው ተነጥሎ ንጹሕ የሆነ መስሏቸዋል። ይሁንና ችሎቱ የቀደመውን ንግግር ንጹሕ አላለውም። የከበደውን ወንጀል ስም ለከበደው ድርጊት ብቻ ጠብቆ አቆየው እንጂ። ይህ ጥንቃቄ ትክክል ነበር፤ የዘር ማጥፋት የሚለው ክስ በተፈለገ ቁጥር የሚለጠፍ ከሆነ ክብደቱን ያጣል።

የንግግሩ ውጤት ራሱ ሲመረመር ነገሩ ከሚታሰበው የተወሳሰበ ሆኖ ይገኛል። ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት በ2014 ባወጣው ጥናት የራዲዮ ሞገዱ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን መንደሮች አነጻጽሮ በጭፍጨፋው ከተሳተፉት 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው በጣቢያው ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ገምቷል። ስኮት ስትራውስ የተባለው የፖለቲካ ተመራማሪ ደግሞ ገዳዮችን አነጋግሮ የጎረቤት ግፊት፣ የአካባቢ ሹማምንት ትእዛዝና የጦርነት ፍርሃት ከራዲዮው ይበልጥ ይመዝኑ እንደነበር ጽፏል። አንድ አሥረኛ ትንሽ አይደለም፤ በሰው ሕይወት ሲሰላ አስፈሪ ነው። ግን ዘጠኝ አሥረኛው ንግግርን በመከልከል ብቻ የሚቆም እንዳልነበረም ያስረዳል።

ከጭፍጨፋው በኋላ ሩዋንዳ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄደች። በ2008 የወጣው «የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም»ን የሚከለክለው ሕግ ትርጉሙ ሰፊ ስለነበር ምን ማለት እንደሚቻልና እንደማይቻል ለማወቅ አዳጋች ነበር። በጃንዋሪ 2010 የተቃዋሚ መሪዋ ቪክቷር ኢንጋቢሬ ከስደት ተመልሰው በኪጋሊ የመታሰቢያ ሥፍራ ላይ ባደረጉት ንግግር የተገደሉ ሁቱዎችም ሊታሰቡ ይገባል አሉ። ታሠሩ፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣታቸውን ወደ 15 ዓመት ከፍ አደረገው። በኖቬምበር 2017 አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በመታሰቢያው ላይ የተናገሩት ዘር ማጥፋቱን የሚያሳንስ አይደለም፣ መንግሥትን የተቹበትም ንግግር በነጻነታቸው ክልል ውስጥ ነው በማለት ሩዋንዳ መብታቸውን ጥሳለች ሲል ወሰነ። ያ ሁሉ እልቂት ያለፈባት አገር ሕጎቿን ያጠበቀችበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። በእነዚህ ሕጎች የተያዘው ግን ጥላቻ ብቻ አልነበረም፤ ሐዘንም፣ ትችትም ተይዞባቸዋል።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁለት መቶ ዓመት የማያንስ ክርክር አላቸው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ባሳተመው ሥራው ላይ ያነሣው ምሳሌ አሁንም ድረስ የሚያገለግል ነው። እህል ነጋዴዎች ድኃውን በረሃብ የሚጨርሱ ናቸው የሚል አስተያየት በጋዜጣ ቢወጣ ሊቀጣ አይገባም፤ ይኸው ቃል የተቆጣ ሕዝብ በአንድ ነጋዴ ደጃፍ ተሰብስቦ ሳለ ቢነገር ግን ሊቀጣ ይችላል ይላል። ቃሉ አንድ ነው። የተለወጠው ቦታው፣ ሰዓቱና ሰሚው ነው። ከዚህ ወዲህ የወጡት የሕግ መመዘኛዎች አብዛኞቹ የዚህ ምሳሌ ዝርዝር ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሚልን የሚከተሉት ወገኖች ሐሰት በእውነት፣ ክፉ ንግግር በተሻለ ንግግር ይመለሳል ይላሉ። የአሜሪካው ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ በ1927 ጊዜ እስካለ ድረስ መድኃኒቱ ዝምታን ማስገደድ ሳይሆን ተጨማሪ ንግግር ነው የሚል አቋም ወስዷል። ሮናልድ ድዎርኪን ሌላ ምክንያት ጨመረ፦ ሕግ በሁሉም ላይ የሚጸናው ሁሉም በክርክሩ ድምፅ ሲኖረው ነው፤ ዘረኛውን ከክርክሩ ያስወጣ መንግሥት ዘረኛውን መድልዎን በሚከለክል ሕግ ለማስገደድ ያለውን ሥልጣን ራሱ ያጣል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ግን የሚያየው ከተናጋሪው ወገን ብቻ ነው።

ጄረሚ ዋልድሮን በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ከሰሚው ወገን አየው። ሰው ልጁን ይዞ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ መሥሪያ ቤት ሲወጣ እንደ ማንኛውም ሰው ተቆጥሮ እንደሚገባና እንደሚመለስ እርግጠኛ መሆን አለበት። ይህ እርግጠኝነት የጋራ ሀብት ነው ይላል ዋልድሮን። በግድግዳ ላይ የተጻፈው፣ በራዲዮ የሚነገረው «እናንተ እዚህ አትፈለጉም» የሚል መልእክት የሚያፈርሰው ይህንን ነው፤ አልፎም ጥላቻ ላላቸው ለሌሎች ብቻችሁን አይደላችሁም የሚል ምልክት ይሰጣል። በዚህ አመለካከት ንግግር ድርጊት ነው፤ ከተፈጸመ በኋላ የሚመልሰው የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። በተሻለ ንግግር ይመለሳል የሚለውም መልስ የሚሠራው የተሰደበው ወገን የመናገሪያ መድረክና የመናገር ድፍረት ሲኖረው ነው። በፍርሃት ቤቱን የዘጋ ሰው ክርክር አይከፍትም።

ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ካለ የሚጀምረው ማስቀየምንና መጉዳትን በመለየት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2021 በጋዜጠኛ ጆን ክዌላኔ ጉዳይ የአገሪቱ የእኩልነት ሕግ «የሚያስቀይም» ንግግርን መከልከሉ አሻሚና ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው አለ። በዚያው ውሳኔ ግን ጋዜጠኛው በግብረ ሰዶማውያን ላይ የጻፈውን የጥላቻ ንግግር ነው ብሏል። ነጻ ንግግር ባለበት ሁሉ የሚቀየም አለ፤ መቀየም ወንጀል የሚሆን ከሆነ ታሪክ መጻፍ፣ ሃይማኖትን መመርመር፣ መሪን መተቸት አይቻልም። ጉዳት ግን ከስሜት ውጭ ሊታይና ሊመዘን የሚችል ነገር ነው፦ የሰዎች ደኅንነት፣ የእኩልነት ደረጃቸው፣ ከኅብረተሰቡ ጋር የመኖር ዕድላቸው።

ክልከላ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄም አለ። ተቃዋሚዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ጀርመንን ነው። «ዴር ሽቱርመር» የተባለው የፀረ አይሁድ ጋዜጣ አሳታሚ ዩሊየስ ሽትራይኸር ከናዚዎች በፊት በነበረው ሪፐብሊክ ዘመን በተደጋጋሚ ተከሷል፣ ታሥሯልም፤ ክሱ ግን ዝናውን ጨመረለት እንጂ አላስቆመውም። ከጦርነቱ በኋላ የኑርምበርግ ችሎት በቃሉ ምክንያት በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎት በ1946 ተሰቀለ። በዚያው ችሎት የራዲዮ ፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ሃንስ ፍሪቸ ነጻ መባሉ ዳኞቹ ፕሮፓጋንዳን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንዳልመዘኑ ያሳያል። ምዕራብ ጀርመን በ1959 መጨረሻ የኮሎኝ ምኩራብ በናዚ ምልክት ከተቆሸሸ በኋላ በ1960 የወንጀል ሕጓን አንቀጽ 130 አሻሽላ ሕዝብን በሕዝብ ላይ ማነሣሣትን አሁን በሚታወቅበት መልክ ከለከለች። ከሽትራይኸር ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ሕጉ ከንቱ ነው የሚለው አይደለም። ፍርድ ቤቱን፣ ፖሊሱንና ፓርላማውን ጠላቶቹ እየወሰዱበት ያለ ሕግ ብቻውን አጥር ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

አሜሪካ የመረጠችው መንገድ ከዓለም ሁሉ የተለየ ነው። በ1952 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን በጅምላ ማዋረድን የሚቀጣ የኢሊኖይ ግዛት ሕግን አጽንቶ ነበር። በ1969 ግን የኩ ክለክስ ክላን መሪ በሆነው ብራንደንበርግ ጉዳይ ሕገ ወጥ ድርጊትን ወዲያውኑ ለማስነሣት ያልታለመ ወይም ያንን ሊያስከትል የማይችል ንግግር አይቀጣም የሚል መመዘኛ አስቀመጠ። በዚሁ መንገድ በ1977 ናዚዎች ከናዚ ጀርመን እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዶች በሚኖሩባት ስኮኪ ከተማ ለመሰለፍ ያነሡት ጥያቄ በፍርድ ቤት ተከበረላቸው፤ በመጨረሻ ግን ሰልፉን ያደረጉት በቺካጎ ነው።

ለብዙ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች፣ በተለይ በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ ለሚኖሩት፣ ይህ ለዘረኛ የተሰጠ ጥበቃ ሊመስል ይችላል። ታሪኩ ሌላ ገጽም አለው። በ1960ዎቹ የደቡብ ግዛቶች ሹማምንት የጥቁሮችን የመብት ትግል ለማፈን ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ በንግግር ላይ የተጣሉ ሕጎች ነበሩ። የሞንትጎመሪው ኮሚሽነር ሳሊቫን ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ እንቅስቃሴ በወጣ ማስታወቂያ ምክንያት በስም ማጥፋት ከስሶ 500,000 ዶላር ተፈርዶለት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ሻረው። በ1982 ደግሞ ሚሲሲፒ ውስጥ የነጭ ነጋዴዎችን ዕቃ ላለመግዛት የተነሣሡ ጥቁሮችን መሪ ከተጠያቂነት ያዳነው ለኩ ክለክስ ክላኑ ሰው የወጣው ያው መመዘኛ ነበር። የነጻነቱ ጥላ ለዘረኛውም ለተበደለውም ደርሷል።

ብሪታንያ ተቃራኒውን ሞክራለች። በ1965 የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ የዘር ጥላቻን ማነሣሣትን ወንጀል አደረገ። ዓላማው ከካሪቢያንና ከእስያ የመጡትን ከነጭ ጥቃት መጠበቅ ነበር። በ1967 በዚሁ ሕግ የናዚ ደጋፊው ኮሊን ጆርዳን 18 ወራት ታሠረ። በዚያው ዓመት ግን ከትሪኒዳድ የመጣው ጥቁር ታጋይ ማይክል ኤክስ ነጮችን በመቃወም ባደረገው ንግግር 12 ወራት ተፈርዶበታል። የተናገረው የሚደገፍ አልነበረም። ነገር ግን በአደባባይ የስደተኞችን መምጣት በአስፈሪ ቋንቋ ይገልጹ የነበሩ ታዋቂ ፖለቲከኞች በዚያ ሕግ አልተነኩም።

እዚህ ላይ ነው ሚዛኑ የሚጋደለው። የጥላቻ ንግግር አደገኛነት የሚለካው ከቃሉ አስቀያሚነት በላይ ከተናጋሪው ኃይል ነው። ሥልጣን፣ ሠራዊት፣ ሰፊ ተከታይ ወይም የተከበረ መድረክ ያለው ሰው በለሰለሰ ቋንቋ የሚናገረው፣ ምንም የሌለው ሰው በንዴት ከሚጮኸው ይልቅ ሕዝብን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሕጉ በተግባር የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው፤ እሱን ለመያዝ ቀላል ነውና። ኬንያ ከ2007 ምርጫ ግጭት በኋላ በ2008 የብሔራዊ መተሳሰር ሕግ አውጥታ የብሔር ጥላቻ ንግግርን የሚከታተል ኮሚሽን አቋቁማለች። ለችሎት ከቀረቡት ፖለቲከኞች ጥፋተኛ የተባሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ኃያሉን ለመንካት ድፍረት የሌለው ሕግ ደካማውን ብቻ የሚቀጣ ከሆነ ጥላቻውን ሳይቀንስ ፍትሕን ያጎድላል።

ዓለም አቀፍ ሕግ ይህን ለማስተካከል የሞከረው ቀስ በቀስ ነው። የ1965ቱ የዘር መድልዎን የማስወገድ ስምምነት በአንቀጽ 4 አገሮች በዘር የበላይነት ላይ የተመሠረቱ ሐሳቦችን ማሰራጨትን በሕግ እንዲቀጡ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ በ1976 ተቀብላዋለች። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን አውጆ ገደብ ሲጣል በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ መሆን አለበት ይላል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ ለመድልዎ፣ ለጠላትነት ወይም ለኃይል የሚያነሣሣ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። ኢትዮጵያ በ1993 ተቀላቅላለች። አሜሪካ ይህን ቃል ኪዳን በ1992 ስታጸድቅ አንቀጽ 20ን ከራሷ ሕገ መንግሥት ጋር በማስማማት ብቻ እንደምትቀበል አስታውቃለች።

አንቀጽ 19 እና 20 አብረው እንዴት እንደሚነበቡ በ2012 በሞሮኮዋ ራባት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች አንድ መመሪያ አወጡ። ንግግር ወደ ወንጀል ደረጃ ደርሷል ለማለት ዳኛው የጊዜውን ሁኔታ፣ የተናጋሪውን ሥልጣንና ተሰሚነት፣ ፈቃዱን፣ የንግግሩን ይዘትና መልክ፣ የሥርጭቱን ስፋት፣ በመጨረሻም ጉዳት የማስከተል ዕድሉን አብሮ ማየት አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ሊሰመርበት ይገባል፤ የተናጋሪውን ኃይል ከሚዛኑ መካከል ያስቀምጠዋል። መመሪያው የሕግ አስገዳጅነት ባይኖረውም ፍርድ ቤቶችም ሆኑ የኢንተርኔት ኩባንያዎች እየጠቀሱት ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያለ ቅድመ ምርመራ ያረጋግጣል፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎች ግን በሕግ እንደሚከለከሉ ይገልጻል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያስፋፋ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ለጥናት፣ ለዜና ዘገባ፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የተነገረ ንግግር ከክልከላው ውጭ ነው።

አዋጁ የወጣው ሰዎች በብሔራቸው ምክንያት ከቤታቸው በሚፈናቀሉበትና ዩኒቨርሲቲዎች በሚታመሱበት ጊዜ ስለነበር ያስፈልጋል የሚለው ድምፅ ከባዶ አልተነሣም። ረቂቁን ገና በኅዳር 2012 ዓ.ም. ያዩት የተባበሩት መንግሥታት የነጻ ንግግር ልዩ ዘጋቢ ዴቪድ ኬይ ትርጉሙ ሰፊና ግልጽነት የጎደለው መሆኑን ተናግረው እንዲታሰብበት መክረዋል። ስጋታቸው ምክንያት አለው። ሕጉ ጉዳት የማስከተል ዕድልን የወንጀሉ መመሥረቻ አላደረገም፤ የተናጋሪውን ኃይልም ከዳኛው መመዘኛዎች መካከል በግልጽ አላስቀመጠም። በተጨማሪ የአገሪቱ ትዝታ ቅርብ ነው፦ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች የታሠሩት አገርን ለመጠበቅ ወጣ በተባለ ሕግ ነው። ከሕግ ይልቅ ሻካራ የሆነ ክልከላም አለ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። መዘጋቱ ጥላቻ የሚነዛውንም፣ ወገኑን የሚያረጋጋውንም፣ ዘመዱ መትረፉን ለማወቅ የሚጨነቀውንም አንድ ላይ ዝም አሰኘ።

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዘመን የቋንቋው ነገር ይበልጥ ከፋ። የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት መከላከል ልዩ አማካሪ የነበሩት አሊስ ንዴሪቱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰዎችን «ካንሰር»፣ «ሰይጣን»፣ «አረም» እያሉ መጥራት መስፋፋቱን አመልክተው አስጠንቅቀዋል። ከዓመት በፊት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትሩን አንድ ልጥፍ ሁከት ማነሣሣትን የሚከለክል ደንቡን ይጥሳል ብሎ አንሥቶታል። ልጥፉ ያነጣጠረው በአንድ ታጣቂ ድርጅት ላይ እንጂ በሕዝብ ላይ አልነበረም። ያም ሆኖ ከላይ የሚወርድ ቃል ታች ሲደርስ በድርጅትና በሕዝብ መካከል ያለው ልዩነት በቀላሉ ስለሚጠፋ፣ ከፍተኛው መድረክ ከፍተኛውን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዋጁ በዚያ ደረጃ ባሉ ተናጋሪዎች ላይ ሲሠራ ማየት ያስቸግራል።

አማርኛ ለዳኛም ለማሽንም የራሱ ፈተና አለው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰሚ የሚጎዳው ቃል ላይ ላዩን ንጹሕ ሊመስል ይችላል። በግብርና ፕሮግራም ላይ አረሙን ከሥሩ ንቀሉት ማለት ምክር ነው፤ ጎረቤቶች በብሔር በተከፋፈሉበት ቀበሌ በስብሰባ ላይ ሲነገር ግን ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። የቃላት ዝርዝር እያዘጋጁ መከልከል ስለዚህ አይበጅም፤ ጥላቻ የሚነዛው ሰው ቃሉን ይቀይራል፣ መካሪው ገበሬ ይታገዳል። አካባቢውን፣ ጊዜውንና የአነጋገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው መዳኘት አለበት።

አዋጁ ለሃይማኖት ትምህርት የሰጠው ክፍተት ለብቻው መታየት ይገባዋል። መንግሥት ስብከትን መርምሮ ይህ ትምህርት ነው፣ ያ ጥላቻ ነው ማለት ከጀመረ የእምነት ነጻነት አብሮ ይወድቃል። በሌላ በኩል ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ከሕጉ የጠበቀ ግዴታ በምእመናቸው ላይ ጥለዋል። በሐዲስ ኪዳን የያዕቆብ መልእክት ሦስተኛው ምዕራፍ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው በሚረግም አንደበት እግዚአብሔርን ማመስገን እንደማይገባ ያስተምራል፤ በቁርኣን የሑጁራት ምዕራፍ 11ኛው አንቀጽ አንዱ ሕዝብ በሌላው ሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅና በክፉ ስም እንዳይጠራራ ይከለክላል። የሕሊና ክልከላ ከሕግ ክልከላ የሚሰፋው ተገቢ ስለሆነ ነው፤ ኃጢአት የሆነ ሁሉ ወንጀል መሆን የለበትም። ሰባኪው መድረኩን ተጠቅሞ ምእመኑን በጎረቤቱ ላይ ሲያነሣሣ ግን ከትምህርት ወጥቷል፤ የተከበረ መድረኩም ኃላፊነቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለትም።

መገናኛ ብዙኃንን በተመለከተ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1994 በዴንማርካዊው ጋዜጠኛ የርሲልድ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ መነሻ ይሆናል። ጋዜጠኛው ዘረኛ ወጣቶችን አነጋግሮ የተናገሩትን በቴሌቪዥን ስላቀረበ ተቀጥቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥላቻን ማሳየትና ጥላቻን ማስፋፋት አንድ አይደለም ብሎ ቅጣቱን ተቃወመ። በሽታውን የሚያሳየውን የሚቀጣ ሕግ በሽታውን ያሸሽጋል።

የወንጀል ቅጣት ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። በቅጽበት ወደ ጥቃት ለሚያመራ ማነሣሣት እሥራት ተገቢ ነው። ከዚያ በታች ላለው የመልስ መብት፣ ማስተካከያ፣ የፍትሐ ብሔር ካሳ፣ የሹመት ወይም የፈቃድ እገዳ አሉ። ለመንግሥት ሹማምንትና ለፓርቲ መሪዎች ደግሞ በምርጫና በግጭት ጊዜ የሚጸና፣ ከሥልጣን እስከ መነሣት የሚያደርስ የሥነ ምግባር ደንብ ከእሥር ቤት ይልቅ ሊገታቸው ይችላል፤ የሚያጡት ነገር አላቸውና። እነዚህ መንገዶች ሁሉ ግን ከመንግሥት ነጻ የሆነ ዳኛ ይፈልጋሉ። ዳኛው የተናጋሪውን ፓርቲ ካየ በኋላ የሚፈርድ ከሆነ የሕጉ አንቀጽ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

የኢትዮጵያው አዋጅ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ያዛል። አጭር ቀነ ገደብ ከቅጣት ፍርሃት ጋር ሲገናኝ ድርጅቱ አጠራጣሪውን ሁሉ ወደ ማንሣት ያዘነብላል፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ሠራተኞች ከሌሉት ደግሞ አደገኛው ሳይነካ ይቀራል። ይህን የሚፈትን አንድ ክስ ናይሮቢ ላይ አለ። በ2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ከጥላቻ ቃላት ጋር ከተሰራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ቤተሰባቸው ልጥፎቹ እንዲነሡ አስቀድሞ አመልክቶ እንደነበር ይናገራል። በዲሴምበር 2022 በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ ቀረበ፤ በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ከሳሾቹ የጠየቁት ለተጎጂዎች ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የካሳ ፈንድ፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚያውቁ ተጨማሪ ተቆጣጣሪዎች፣ ሁከት የሚያነሣሣ ልጥፍ ተመርጦ እንዳይሰራጭ የሚያደርግ የአሠራር ለውጥ ነው። ተጠያቂ ለማድረግ የፈለጉት አንድን ተናጋሪ ሳይሆን ንግግሩን እየመረጠ ለሚሊዮኖች የሚያደርሰውን ኃይል ነው።